አራቱን ባሕርያት ይዞ መጓዝ

በሥነ ፍጥረት ትምህርት እንደሚነገረው፣ የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከነፋስና ከእሳት የተገኘ ስለሆነ፣ የአዳም ልጅ ወዴትም ቢሄድ እነዚህን ትቶ ሊሄድ አይቻለውም። የዘመናችን ሊቃውንት ስለ ፍጥረት የደረሱበት ዕውቀት ከዚህ እጅግ የረቀቀ ቢሆንም፣ ሰውን በማርስ ላይ ስለ ማስፈር በተነገረ ቁጥር ይህ የአበው አከፋፈል ይታወሰኛል፤ እሳቱን፣ ይኸውም ሮኬትን ወደ ሰማይ የሚያስወነጭፈውን ኃይል፣ በእጃችን ካስገባን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲሆን፣ በነፋሱና በመሬቱ ነገር ግን ገና ፊደል በመቍጠር ላይ ነንና።

ኢሎን መስክ በ2016 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ በጓዳላሃራ ከተማ፣ ሚሊዮን ሰው የሚኖርበት ከተማ በማርስ ላይ ሊቆም እንደሚችል በጉባኤ ፊት ሲያስረዳ፣ አብዛኛው ንግግሩ ስለ መንኰራኵሩ ግዝፈትና ስለ ጉዞው ዋጋ ነበር። ምኞቱን አልነቅፍም፤ ሰው ከተፈጠረበት ስፍራ አሻግሮ ማየቱ ከታላላቅ ጸጋዎቹ አንዱ ነው ብዬ አምናለሁና። ነገር ግን ከተማ የሚጸናው ሰዎቹ ባደሩበት ስፍራ ሳይታፈኑና ሳይራቡ ሲነጋላቸው ስለሆነ፣ ከመንኰራኵሩ ይልቅ ስለዚህ ብንጠይቅ ይሻለን ነበር።

ለዚህ ጥያቄ እስካሁን ከተሰጡት መልሶች ሁሉ ትልቁ የተገኘው በሰማይ ሳይሆን በአሜሪካ በአሪዞና በረሃ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. አራት ወንዶችና አራት ሴቶች፣ ባዮስፌር 2 በተባለው፣ ስፋቱ ከአንድ ሄክታር ጥቂት በሚበልጥ፣ በብረትና በመስተዋት በታነጸ ቤት ውስጥ፣ ደንና ትንሽ ባሕር፣ እርሻና ፍየሎች ተሰጥቷቸው፣ ከውጭ አየርም ሆነ ምግብ ሳይገባላቸው ሁለት ዓመት ሊኖሩ በሩ ተዘጋባቸው። ከእነርሱ አንዷ ጄን ፖይንተር በኋላ እንደ ተናገረችው፣ ስንዴው ደርሶ እስኪታጨድና እስኪፈጭ፣ ከፍየሎቹም ወተት ታልቦ አይብ እስኪሆን ድረስ፣ አንዲት ፒዛ ለመሥራት አራት ወር ፈጅቶባታል። ራቡ ግን ከትንፋሹ ነገር ይልቅ የቀለለ ነበር። በገቡበት ቀን ከመቶ 21 እጅ ያህል የነበረው የአየሩ ኦክስጅን ከወር ወር እየመነመነ ወደ 14 ወረደ፤ ይህም በስሜን ተራራዎች ከ4,000 ሜትር በላይ ወጥቶ እንደ መኖር ሲሆን፣ በሌሊት ትንፋሽ አጥሯቸው የሚባንኑ፣ ደረጃ ወጥተው ለመጨረስ የሚቸገሩ ሆኑ፤ በመጨረሻም ኦክስጅን ከውጭ ተጭኖ መጥቶ ገባላቸው።

ምክንያቱ በተመረመረ ጊዜ የተገኘው ምሥጢር እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። ሰብሉ ለብዙ ዘመን እንዲመግብ ተብሎ አፈሩ በብስባሽ እጅግ እንዲዳብር ተደርጎ ስለነበር፣ በዓይን የማይታዩት ደቂቃን ነፍሳት ያንን እየበሉ ኦክስጅኑን ሳቡት፣ በምትኩም ካርቦን ዳይኦክሳይድን ተነፈሱ፤ ዕፀዋቱም ይህንን ተቀብለው ኦክስጅኑን ሊመልሱት ሲገባ፣ የሕንጻው ኮንክሪት ቀድሞ እየመጠጠ በውስጡ ወደ ኖራ ድንጋይ ለወጠው። ሊቃውንቱ የዕፀዋቱን ዓይነት፣ የባሕሩን ጨው፣ የመስተዋቱን ጥብቀት ሲያስሉ፣ የስምንቱ ሰዎች እስትንፋስ በግድግዳው ውስጥ ድንጋይ ይሆናል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ይህ ሁሉ የሆነው በሩን ከፍቶ መውጣት በሚቻልበት ምድር ላይ ነው። የማርስ አየር ግን ከእኛው ከመቶ አንድ እጅ የማይሞላ ክብደት ያለው፣ እርሱም ከመቶ 95 እጁ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሆነ ነው፤ አፈሩም በ2008 እ.ኤ.አ. ፊኒክስ የተባለችው መንኰራኵር እንዳገኘችው፣ ፐርክሎሬት የተባለ ለሰው ጤና መርዝ የሆነ ጨው አለበት። በ2021 እ.ኤ.አ. በማርስ ላይ ባረፈችው በፐርሲቪራንስ ውስጥ የነበረው ሞክሲ የተባለው መሣሪያ፣ ከዚያ አየር ኦክስጅን አጣርቶ ማውጣት እንደሚቻል አሳይቷል፤ ለሙከራ የተሠራ ትንሽ መሣሪያ ነውና፣ በ16 ጊዜ ሥራው ያወጣው በጠቅላላው 122 ግራም፣ ማለት ለአንድ ሰው ትንፋሽ ለአራት ሰዓት እንኳ የማይበቃ ቢሆንም፣ ይህ ለእኔ ከብዙ የከተማ ሥዕሎች የበለጠ ክቡር ነው።

የእኛን ዳሎልን እንኳ ብንመለከት፣ የአውሮፓ ተመራማሪዎች ማርስን ለማጥናት የሚመጡበት፣ ከአሲዱና ከጨው ብዛት የተነሣ በአንዳንድ ኩሬዎቹ ሕይወት ያልተገኘበት ስፍራ ሲሆን፣ በዚያው በዳናኪል አሞሌ የሚቆርጠው አፋር ሳንባውን ሞልቶ የሚተነፍሰውን አየር ማንም አላመረተለትም፤ ማንም አይሸጥለትም። በማርስ ላይ ግን ለሚወለድ ሕፃን፣ የመጀመሪያዋ እስትንፋሱ ሳትቀር በሰው እጅ የምትለካ ትሆናለች፤ አየሩን የሚያመርተው በነዋሪው ላይ ምን ሥልጣን እንደሚኖረው ሕግ አስቀድሞ ሊወስን ይገባል እላለሁ፤ ከተሰፈረ በኋላ ለመከራከር እንኳ ትንፋሽ ያስፈልጋልና።

በቤጂንግ የቤይሃንግ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በ2017 እና በ2018 እ.ኤ.አ. ዩዌጎንግ 1 በተባለው ዝግ ቤት ውስጥ፣ በየተራ እየተተካኩ፣ አትክልትና እህል እያበቀሉ 370 ቀን ሲቆዩ፣ የአሪዞናው ትምህርት ከንቱ እንዳልቀረ አየን። ከዚህ በኋላ የሚቀጥለው፣ ለአሥር ዓመት የሚዘጋ ቤት በዚህችው ምድር ላይ መሥራት ነው፤ በሩንም ከሚቆልፉት መካከል ከሮኬት ሊቃውንት ይልቅ የአፈር ሊቃውንት፣ መሬቱ ሲደክምና ሲታመም በሽታውን የሚያውቁት ገበሬዎችም ይበዙ ዘንድ እመኛለሁ።