ዐይኑን ከፊት የተከሉት

ሮብ ገበያ፣ ሮብ ገበያ ነው። ይህን ስም ለመረዳት መዝገበ ቃላት የሚያገላብጥ የለም፤ ሮብ የሚውል ገበያ ማለት ነው፤ አለቀ።

ስሙ ወረቀት ላይ ሲወርድ ግን አራሚ ይነሣበታል። «ዕሮብ ገበያ» ተብሎ ይታረማል። የእኔም አንድ ጽሑፍ እንዲሁ ታርሞ ወጥቷል። ለምን ሲባሉ «ቃሉ የግእዝ ነው፤ ዐይኑ መጠበቅ አለበት» ይላሉ።

እስቲ ዐይኑን አብረን እንፈልገው። ግእዙ ረቡዕ ነው፤ አራተኛ ማለት። ዕብራይስጡ ረቪዒ፣ ዐረብኛው አርቢዓእ የሚሉት ይህንኑ ቁጥር ነው። እሑድ አንድ ብሎ ይጀምራል፤ ሰኞ ሰኑይ ነው፤ ሁለተኛ። (ማክሰኞ ብቻ ቆጠራውን ትቶ የሰኞ ማግሥት መባልን መረጠ።) ከዚያ ሮብ፣ ከዚያ አምስተኛው ሐሙስ። እንግዲህ ተመልከቱ፤ የረቡዕ ዐይን የተቀመጠው በመጨረሻ እንጂ በመጀመሪያ አይደለም! አማርኛ የጉሮሮ ድምፆቹን ሲጥል ያ ዐይን አብሮ ወደቀ። ዛሬ ከፊት የምትሰማው «እ» ራስን እራስ፣ ራትን እራት የምታሰኘን የአፍ መንደርደሪያ ናት። እሷን የዐይን ካባ ማልበስ የትኛውን ግእዝ መጠበቅ ነው?

እነዚሁ አራሚዎች እንግሊዝኛ ሲጽፉ ግን ትሑታን ናቸው። «ዌንስዴይ» ውስጥ የማትነበበዋን «ዲ» ሊነቅላት የሚደፍር የለም። የማን እንደሆነች ያውቁ ይሆን? የጥንት አንግሎ ሳክሶኖች ያመልኩት የነበረው የዎደን ናት። ሮማውያን ለሜርኩሪ የሰጡትን ቀን እነሱ ለዎደን ሰጡት። ጀርመኖች እንኳ ጣዖቱን ትተው ዕለቱን «ሚትቮኽ»፣ የሳምንት አጋማሽ ብለውታል። እንግሊዞች ግን አምልኮው ከቀረ ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶም የጣዖቱን ፊደል ከነበረበት አላነቃነቁም። እኛ ጣዖት የለብንም፤ ንጹሕ ቁጥር ነው ያለን፤ የቁጥሩን ዐይን ከኋላ ነቅለን ከፊት ተከልነው።

ግእዝ የሚወድ ረቡዕ ብሎ ይጻፍ፤ አከብረዋለሁ። አማርኛ የሚጽፍ ገበሬው እንደሚለው ሮብ ይበል። መንደርደሪያዋን መተው ካልሆነለትም በአልፋው «እ» እሮብ ብሎ ይጻፋት። «ዕሮብ» ግን የየትኛው ቋንቋ ቃል ነው?