«ልጅ ነው፣ ይረሳዋል»

የእህቴ ልጅ አራት ዓመቱ ነበር፤ ለቶንሲል ቀዶ ሕክምና ይዘነው ሄድን። ኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ላይ ስንደርስ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። አላቀው ወሰዱት። ጩኸቱ ውጭ ድረስ ይሰማ ነበር። «ልጅ ነው፣ ይረሳዋል» አሉን። ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ፤ እሱ ግን ለሳምንታት ሌሊት እየባነነ ያለቅስ፣ ነጭ ጋዋን ሲያይ ይደበቅ ነበር።

ለዚህ መላ እንዳለ ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ሳነብ ነው። ከማደንዘዣ በፊት የሚሰጥ ማረጋጊያ አለ። በብዛት የሚታወቀው ሚዳዞላም ነው። በልጁ ክብደት ተለክቶ በአፍ ይሰጣል፤ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ያረጋጋዋል፤ ብዙ ልጆች ከወላጅ የተለዩበትን ሰዓት እንኳ አያስታውሱትም። የዓለም ጤና ድርጅት የሕፃናት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥም አለ። ቅንጦት አይደለም ማለት ነው።

ለሁሉም ልጅ ይሰጥ እያልኩ አይደለም። መድኃኒቱ ትንፋሽ ሊያዳክም፣ መንቃትንም ሊያዘገይ ይችላል። አንዳንዱን ልጅ ጭራሽ ይረብሸዋል። ቶንሲሉ አብጦ ሌሊት ትንፋሹ የሚቆራረጥ ልጅ ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስለዚህ የሚከታተል ባለሙያና የኦክስጅን መለኪያ የግድ ነው። ይህ ሁሉ ገንዘብ ነው፤ ይገባኛል።

ግን ኢኮኖሚክስ ስማር አንድ ነገር ገብቶኛል፦ ያልተመዘገበ ወጪ የለም ማለት አይደለም፣ ሌላ ሰው ከፍሎታል ማለት ነው። የፍርሃት ወጪ ሆስፒታሉ ደረሰኝ ላይ አይወጣም። ልጁና እናቱ ቤታቸው ወስደው ይከፍሉታል።

መድኃኒቱ ባይኖር ወይም ባይፈቀድስ? ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክም ይረዳል። ማደንዘዣው እስኪጀምር ካርቱን ማየት ወይም ጌም መጫወት የልጆችን ፍርሃት እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። ይህ ለሆስፒታሉ ምንም ወጪ የለውም፤ የሚያስፈልገው ፈቃድ ብቻ ነው።

ታናሽ ወንድማችሁን፣ የእህታችሁን ልጅ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ በር ላይ እስክትደርሱ አትጠብቁ። የማደንዘዣ ባለሙያውን ቀደም ብላችሁ ጠይቁ፦ «እንዳይፈራ ምን ታደርጉለታላችሁ? ስልክ ይዞ መግባት ይችላል?» ከፋርማሲ ማስታገሻ ገዝታችሁ በራሳችሁ እንዳትሰጡ ብቻ አደራ።

እኛ አልጠየቅንም ነበር። እሱም አልረሳውም።