ለጎበጠ እሬት ምን ይበጃል?

በደጃፍና በመስኮት ሥር ከምናስቀምጣቸው አትክልቶች መካከል እንደ እሬት ታጋሽ የሆነ እምብዛም አይገኝም። ውሃ ቢረሱት አይቀየምም፤ ጣሳው ቢጠበውም ችሎ ይኖራል፤ ቅጠሎቹን እንደ ጽጌረዳ አበባ ክብ አድርጎ ደርድሮ እንግዳን ይቀበላል። ታጋሽ በመሆኑም ብዙ ጊዜ ይረሳል። የሚታሰበው ጡት የሚጥል ሕፃን ሲኖር ወይም እሳት የነካው እጅ ሲኖር ነው።

ሰሞኑን ከኩታበር የደረሰን ደብዳቤ ግን ስለ እሬቱ ስለ ራሱ ደኅንነት ይጠይቃል። ጸሐፊዋ እንደሚሉት፥ እናታቸው ከማረፋቸው በፊት በጣሳ ተክለው የተዉላቸው እሬት አላቸው። የታች ቅጠሎቹ ደርቀው ረግፈው ግንዱ ራቁቱን ቀርቷል፤ ራሱ ከብዶትም ወደ መስኮቱ ጎብጧል። አንዲት ጎረቤት «ብረት ከነካው ይሞታል» ስትል፥ ሌላዋ ደግሞ «አርጅቷልና ጥለሽ ሌላ ትከይ» ብላቸዋለች። «ከእናቴ እጅ የቀረኝ ሕያው ነገር ይህ ብቻ ነውና፥ በገዛ እጄ እንዳልገድለው ምከሩኝ» ይላሉ።

እኅታችን ሆይ፥ አይሥጉ። እሬት በሥርዓት ከተቆረጠ ካረጀ ግንዱ ላይ እንደገና ወጣት መሆን የሚችል ተክል ነው።

አስቀድሞ ግንዱ ስለምን እንደተራቆተ እንይ። እሬት አዲስ ቅጠል የሚያወጣው ከመካከሉ ነው፤ ስለዚህ ከሁሉ የሚያረጀው የታችኛው ቅጠል ነው። እርሱም በውስጡ ያከማቸውን ውሃ ጨርሶ ይደርቃል። ይህ የተፈጥሮ ሕግ እንጂ በሽታ አይደለም። በኢትዮጵያ ገደላማ ሥፍራዎች የሚበቅለውና በ1997 እ.ኤ.አ. አሎ ፑልኬሪማ የሚል የሳይንስ ስም የተሰጠው እሬት ረጅም ግንዱን ከቋጥኝ ላይ አንጠልጥሎ የሚኖር ነው፤ የላቲን ስሙም «እጅግ ውብ» ማለት ነው። መጉበጡ ግን ሌላ ምክንያት አለው። ተክሉ ብርሃን ሲያጥረው ብርሃን ወዳለበት ይሳባል። ስለዚህ ጣሳውን በየሳምንቱ ሩብ ዙር ያህል ማዞር መልካም ልማድ ነው።

እንግዲህ ወደ ቢላዋው እንመለስ። ፈጽሞ የደረቀ ቅጠል ቢላዋ አያስፈልገውም፤ ወደ ጎን ቀስ ብለው ሲስቡት ይላቀቃል። እርጥብ ቅጠል መቁረጥ ካስፈለገ ከታችኛው ጀምሮ ከግንዱ ሥር አስጠግቶ መቁረጥ ነው። ጫፉን ብቻ መቁረጥ ግን አይበጅም፤ የተቆረጠው ቦታ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል እንጂ ቅጠሉ እንደገና አያድግም። አበባው ከደረቀ በኋላም የአበባውን ዘንግ ከሥሩ መቁረጥ ይቻላል።

ግንዱ ለተራቆተው እሬት ግን ከዚህ የበለጠ ድፍረት ያስፈልጋል። ስል ቢላዋ ወስደው በአልኮል ይጥረጉት፤ አልኮል ከሌለ በፈላ ውሃ ይንከሩትና ያድርቁት። ከዚያም ከራሱ በታች አራት ጣት ያህል ግንድ አስቀርተው በአንድ ጊዜ ይቁረጡ። የተቆረጠውን ፊት ይመልከቱ። ነጣ ብሎ ጠንካራ ከሆነ ጤነኛ ነው፤ ቡናማና ልል ከሆነ ግን በስብሷልና ንጹሕ ሥጋ እስኪያገኙ ድረስ ቢላዋውን እያጸዱ ጥቂት ጥቂት ይጨምሩ።

አሁን ትልቁ ነገር ትዕግሥት ነው። ብዙ ሰው እሬቱን የሚገድለው በቢላዋ ሳይሆን በውሃ ነው። የተቆረጠው ራስ ጥላ ባለበት ደረቅ ሥፍራ አንድ ሳምንት፥ አየሩ ቀዝቃዛ ከሆነም ሁለት ሳምንት ይቀመጥ። ቁስሉ ደርቆ ቅርፊት ሳያበጅ አፈር ውስጥ ቢገባ ይበሰብሳል። ቅጠሎቹ ውሃ ስላዘሉ በዚህ ጊዜ በጥም አይሞትም። እሬት እንደ ብዙዎቹ ተክሎች ቀን ሳይሆን ሌሊት የሚተነፍስ በመሆኑ፥ ፀሐይ ውሃውን በቀላሉ አትቀማውም።

ቁስሉ ሲደርቅ ግማሽ አሸዋ ግማሽ አፈር በደረቁ ቀላቅለው፥ ታቹ በተበሳ ጣሳ ይትከሉት። እንዳይወድቅም በጠጠር ይደግፉት። ለአንድ ሳምንት ውሃ አያጠጡት፤ ከዚያ በኋላም አፈሩ ፈጽሞ ሲደርቅ ብቻ ጥቂት ይስጡት። ሥር መያዙን ለማወቅ በቀስታ ሳብ ያድርጉት፤ እምቢ ካለ ተክሏል ማለት ነው።

በጣሳው የቀረውን ጉቶም እንዳይጥሉት። ከጎኑ አዳዲስ ቡቃያ ሊያወጣ ይችላል። ቡቃያዎቹ የራሳቸውን ሥር ሲያበጁ አንድ በአንድ ለይቶ መትከል ይቻላል። አንድ ቅጠል ብቻ ቆርጦ መትከል ግን ከንቱ ድካም ነው፤ የእሬት ቅጠል ይበሰብሳል እንጂ ሥር መያዙ ብርቅ ነው።

ወቅቱስ መቼ ይሁን? እንደ ኩታበር ባለ ደጋ አገር ክረምቱ እርጥብ ስለሆነ ቁስሉ ቶሎ አይደርቅም። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ የሌሊቱ ውርጭ አለ፤ ውሃ ያዘለ ቅጠል ውርጭ ሲመታው ይፈርሳል። ስለዚህ ቅዝቃዜው ሲያልፍ፥ በየካቲት ወይም በመጋቢት ቢቆርጡት ይሻላል፤ ቀኖቹ ሞቃት ናቸው፤ ሥር ከያዘም በኋላ እስከ ክረምት የሚያድግበት ጊዜ ያገኛል።

ከቆረጡ በኋላ የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ ልብስ ያበላሻል፤ የአንዳንዱንም ሰው ቆዳ ያሳክካል። ከውስጥ ያለው ጥርት ያለ ልጋግ ሌላ፥ ከቆዳው ሥር ያለው መራራ ቢጫ ፈሳሽ ሌላ መሆኑን ልብ ይበሉ። ቢጫው አሎይን የሚባል ብርቱ የሚያስቀምጥ ነገር አለበት። በ2002 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ያለ ሐኪም ትእዛዝ በሚሸጡ የሆድ ማለስለሻ መድኃኒቶች ውስጥ እንዳይገባ ያደረገው በቂ የደኅንነት ማስረጃ ስላልቀረበለት ነው። እንግዲያስ ነፍሰ ጡርም ሆነ ሕፃን እንዳይቀምሰው ይጠንቀቁ።

አንድ ነገር እንጨምር። በጣሳ ያለ ክብ ተክል ሁሉ እሬት አይደለም። በደጋችን ድንጋይና ቋጥኝ ላይ ኤዮንየም የሚባል ተክል ይበቅላል፤ ቅጠሉ ስስና እንደ ማንኪያ ያለ፥ አበባውም ቢጫ ነው። የእሬት ቅጠል ግን ወፍራም ሲሆን ዳርና ዳሩ እሾሃማ ነው። ልዩነቱን ማወቅ የሚጠቅመው ስለዚህ ነው፤ እሬት አብቦ ይኖራል፤ የኤዮንየም ራስ ግን አንድ ጊዜ ካበበ ይሞታል። ራሱ አንድ ብቻ የሆነ ኤዮንየም ሳያብብ ቢቆረጥ ግን ጉቶው ቅርንጫፍ ሊያወጣ ይችላል።

«ይህ ሁሉ ድካም ስለምን? ከገደሉ ሌላ ነቅሎ ማምጣት አይቀልምን?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። አይቀልም ብቻ ሳይሆን አይገባምም። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና ኢንገር ኖርዳል ስለ ኢትዮጵያና ስለ ኤርትራ እሬቶች በ2010 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ባሳተሙት መጽሐፍ ከ40 በላይ ዓይነቶች ተመዝግበዋል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ከአገራችን በቀር በየትም አይገኙም። በመላው ዓለም ከታወቁት እሬቶች በዓለም አቀፍ የንግድ ቁጥጥር ውል ያልተያዘው ከዓረብ ምድር የመጣው አሎ ቬራ ብቻ ነው። የገደሉን እሬት ንብና ትንንሽ ወፎች ይቀስሙታል፤ ሥሩም በተዳፋት ላይ ያለውን አፈር ይይዛል። እርሱ በሥፍራው ይኑር።

ለቤት የሚሆነው ከጎረቤት ጣሳ ይገኛል። አንድ አሮጌ እሬት በወጉ ከተገረዘ፥ ራሱ ለባለቤቱ ይሆናል፤ ከጉቶው የሚወጡትም ቡቃያዎች ለልጅ፥ ለእኅትና ለጎረቤት ይዳረሳሉ። «ብረት ከነካው ይሞታል» ላሉትም ጎረቤት አንዱን ቡቃያ ቢሰጧቸው ከብዙ ክርክር ይሻላል።