ተፎካካሪ ሲጠፋ ገበያውም ይጠፋል

ጀርመናዊው የመኪና እሽቅድድም ተወዳዳሪ በርንድ ሽናይደር እ.ኤ.አ. በ1989 በፎርሙላ አንድ ከ16 ውድድሮች ለመነሻው መስመር የበቃው በሁለቱ ብቻ ነበር። ድክመቱ የመኪናው ነው፤ የቡድን ጓደኛው ጃፓናዊው አጉሪ ሱዙኪ በአንዱም አልተሳካለትም።

መርሴዲስ ላይ ሲቀመጥ ግን ነገሩ ተለወጠ። በጀርመኑ የዲቲኤም ውድድር በ1995፣ በ2000፣ በ2001፣ በ2003 እና በ2006 ሻምፒዮን ሆነ።

ከ1995 እስከ 2000 ያለው ክፍተት ከምን መጣ? ሰውየውማ አልደከመም፤ በ1997 በሌላ ውድድር፣ በኤፍ.አይ.ኤ. ጂቲ፣ አሸንፏል። የፈረሰው ገበያው ነው። ሦስቱ ፋብሪካዎች በቴክኖሎጂ ሲሽቀዳደሙ ወጪው ናረ፤ በ1996 መጨረሻ አልፋ ሮሜዮና ኦፔል ጥለው ወጡ። መርሴዲስ ብቻውን ቀረ፤ ብቻውን የሚሮጥን ደግሞ ማን ከፍሎ ያየዋል? ዲቲኤም በ2000 የተመለሰው ወጪን በሚገድብ ደንብ ነው።

ቢሆንም መርሴዲስ በ2018፣ አውዲ በ2020 መጨረሻ ወጡ። ውድድሩም ከ2021 ጀምሮ ማንኛውም ቡድን ገዝቶ ወደሚያሰልፋቸው የጂቲ3 መኪናዎች ዞረ።

የጎረቤቱ ሱቅ ሲዘጋ እሰየው የሚል ነጋዴ ይህን ያጢን። ተፎካካሪን በወጪ አስጨንቆ ማስወጣት ድል ይመስላል፤ ደንበኛው ግን የሚመጣው አማራጭ ወዳለበት ነው። በሁለትና ሦስት ትልልቅ ቤቶች ላይ ብቻ የቆመ ገበያም አንዱ ሲወጣ ይናጋል።