ድብርት በቫይታሚን አይታጠርም

እናቱ ወይም አባቱ በድብርት የታመሙ ልጅ ከሌላው የበለጠ ለበሽታው የተጋለጠ ነው። ይሄ የታወቀ ነው። ግን በየቴሌግራሙ «ልጃችሁን ከድብርት አስቀድማችሁ ጠብቁ» እያላችሁ ቫይታሚን ዲና ኦሜጋ 3 የምትቸረችሩ ሰዎች፣ ምን ማስረጃ ይዛችሁ ነው?

ሙድፉድ የሚባለው የአውሮፓ ጥናት (2019 እ.ኤ.አ.) ከ1,000 በላይ ከሚሆኑ ወፈር ያሉና መለስተኛ የድብርት ምልክት ካለባቸው ሰዎች ለግማሾቹ ሁለቱም ያሉበትን እንክብል ለአንድ ዓመት ሰጠ። ጠብ ያለ ነገር የለም። «እነሱ እኮ አዋቂዎች ናቸው» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፤ እንግዲያው የወጣቶቹን ማስረጃ አምጡና ከዚያ ሽጡ!

እጥረት ያለበት ተመርምሮ ይውሰድ፣ እሱን ማን ጠላ። እኔን የሚያንገበግበኝ ከአሜሪካ የተላከው ብልቃጥ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ ልጁ እንቅልፍ አጥቶ ከሰው ተለይቶ ወር ሲሞላው «ሰው ምን ይለናል» ተብሎ ሐኪም ጋ አለመሄዱ ነው።

የተሞከረ ነገር አለ እኮ። በ2009 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ወላጆቻቸው ድብርት ለያዛቸው 316 ታዳጊዎች በቡድን የአስተሳሰብና የባህርይ ሥልጠና ተሞከረ፤ ከሠለጠኑት ውስጥ በድብርት የተያዙት አነሱ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ሥልጠናው ሲጀመር ወላጅየው ራሱ ድብርት ውስጥ ከነበረ ጥቅሙ አልታየም። እናትየው ሳትታከም ለልጇ ቫይታሚን መግዛት ታዲያ ምን የሚሉት ነው?