ጎማው ባይፈነዳ ኖሮ



በጥር ወር ለትምህርት ጉብኝት ስንጓዝ ከወልቂጤ ወደ እምድብር በሚወስደው መንገድ ላይ የአውቶቡሳችን ጎማ ፈነዳ። ትርፉም ጎማ ነፋስ አልነበረውምና ሾፌሩ በሌላ መኪና ተሳፍሮ አስጠግኖ እስኪመለስ ድረስ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል መንገድ ዳር ቀረን። አሥራ አንዳችን ጥላ ፍለጋ ወደ አንድ የእንሰት ጓሮ ብንጠጋ፣ አንዲት እናት ከአማታቸውና ከአሥራ አራት ዓመት ልጃቸው ጋር ሜዳው ላይ ቅጠል አንጥፈው እንሰት ሲፍቁ አገኘናቸው። የጉብኝቱን ሪፖርት የሚጽፉ ሌሎች አሉ፤ እኔ የምጽፈው ስለዚያ ጓሮ ነው።

ሥራውን ላላየ ሰው ልግለጸው። አንድ ጣውላ ከቆመ እንሰት ላይ በሰያፍ ይደገፋል። ፋቂዋ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ከግንዱ የተላጠውን ወፍራም ልባስ ጣውላው ላይ ታስተኛና ላይኛውን ጫፍ እግሯን አንሥታ በተረከዟ ትጫነዋለች። ከዚያ በኋላ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ከላይ ወደ ታች መፋቅ ነው። ነጩ ሥጋ ቅጠሉ ላይ ይወርዳል፤ ጣውላው ላይ የሚቀረው ቃጫ ታጥቦ ደርቆ ገመድ ይሆናል። ሥሩ ለብቻው ይከተከታል። ሲጨመቅ ከሚወጣው ውሃ ሥር የሚዘቅጠው ቡላ ነው። የቀረው ሁሉ ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ፣ ተሸፍኖ፣ ድንጋይ ተጭኖበት ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይቆያል። ቆጮ የምንለው ይህ ነው። ተክሉ ራሱ ለዚህ እስኪደርስ እንደ አገሩ ብርድና ሙቀት ብዙ ዓመታት ይፈልጋል። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በእንሰት እንደሚኖር ይገመታል።

ልሞክረው ብዬ ቀርከሃውን ተቀበልኩ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ወገቤን ይዤ ተነሣሁ። ልጅቱ በሳቅ ሞተች፤ እርሷ ከማለዳ ጀምሮ ነበር የምትፍቀው።

አያቲቱ የአሮጌውን ጉድጓድ አፍ ገልጠው አሳዩን። ይህን ስናገር አፍራለሁ፤ አምና ስለ ምግብ መብላላት በጻፍኩት ወረቀት ጥሩ ማርክ ያገኘሁ፣ ላክቲክ አሲድ የሚሠሩትን ባክቴሪያዎች ስም በቃሌ የማውቅ ሰው፣ አፍንጫቸውን ከያዙት አንዱ ነበርኩ። እርሳቸው ግን ጥቂት ቆንጥረው በጣቶቻቸው አሹት፣ አሸተቱት፣ «ገና ነው» ብለው ከደኑት። ብርድ ሲሆን ከቀድሞው ቆጮ እየጨመሩ እንደሚያፋጥኑት ልጅቱ ከጉራጊኛ ወደ አማርኛ እየመለሰች ነገረችን። እኔ በአሥራ ሁለት ገጽ የጻፍኩትን እርሷ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው።

ከዚያ በኋላ እናትየዋ ከአጥሩ አጠገብ ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ የጠወለጉ ሁለት እንሰቶች አሳዩንና እንዲህ ብለው አስጠየቁን፦ «እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፣ ልጆቼ። ባለቤቴ ከስብሰባ ሰምቶ ይህ በሽታ በቢላዋ ይተላለፋል ይላል። እውነት ነው ወይ?»

አሥራ አንዳችን ተያየን። አንዱ «ይሆናል» አለ። ሌላው ስለሚረጭ መድኃኒት መናገር ጀመረና መካከል ላይ ጠፋበት። እኔ ዝም አልኩ። እናትየዋም ቅር ሳይላቸው፣ ከእኛ በፊትም ተማሪዎች መጥተው ስንት እንሰት እንዳላቸው፣ ስንት ልጅ እንዳላቸው ጽፈው እንደሄዱ ነገሩን። ምን እንደጻፉ ግን አልሰሙም። ይህን እያሉ ቆጮና አይብ በእንሰት ቅጠል አቀረቡልን፤ ገንዘብ ብንሰጥ እንቢ አሉ።

ስንመለስ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። መልሱን ለማግኘት አንድ ከሰዓት በኋላ በቃኝ። በሽታውን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1968 ገልጠው ጽፈዋል። በታመመ ተክል ላይ የዋለ ቢላዋ ወደ ጤነኛው ያስተላልፈዋል። ስለዚህ ቢላዋውን ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ከመሻገር በፊት በእሳት መለብለብ፣ የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ ከብት እንዳይበላው መከልከል ይገባል። ረጭተው የሚያድኑበት መድኃኒት የለም። ባለቤታቸው ትክክል ነበሩ ማለት ነው። ነገር ግን እስቲ አስቡት፦ ወደ ስብሰባው የሄዱት አባወራው ናቸው፤ ቢላዋው ያለው ደግሞ በሚስታቸው እጅ ነው!

ይህ የግብርና ሠራተኛው ተግባር ነው የሚል አይጠፋም። የእርሱ ተግባር መሆኑን አልክድም። የእኛ ግን ዕዳ ነው። በየዓመቱ ለመመረቂያ ጽሑፍ ብለን የሰው ጓሮ እንገባለን፣ የሥራ ሰዓት እናስፈታለን፣ የሰው ምግብ እንበላለን፤ የተገኘው ነገር በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ተጠርዞ፣ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። እኔ የምለው፣ አንድ ተማሪ ማርኩን ከመቀበሉ በፊት ያገኘውን ነገር ለጠየቃቸው ሰዎች፣ በሚሰሙት ቋንቋ፣ በተለይም ሥራው በእጃቸው ላለ ሴቶች፣ ሄዶ እንዲያነብ ይገደድ። መምህራኖቻችን የሚመዘኑት በውጭ አገር መጽሔት ባሳተሙት መጠን ስለ ሆነ ይህን ለማዘዝ ጊዜ እንደሚያጥራቸው አውቃለሁ፤ በዚህ አልፈርድባቸውም። የአውቶቡስ ዋጋ ከየት ይመጣል ለሚለኝም፣ ለመጠየቅ ስንሄድ የተገኘው ገንዘብ ለመመለስ ስንሄድ የሚጠፋበትን ምክንያት ይንገረኝ።

እስከዚያው ግን ይህን ጋዜጣ የምናባዛበት መሣሪያ አለን። ስለ ቢላዋውና ስለ እሳቱ በአንድ ገጽ አማርኛ ጽፌ ለኅብረቱ ጽሕፈት ቤት ሰጥቻለሁ። ጉራጊኛ የምታውቁ ጓደኞቼ ከእነርሱ ንግግር ጋር አስማሙልኝ፤ የዕፀዋት በሽታ የሚያስተምሩ መምህራን ደግሞ ስሕተት ካለበት አርሙልኝ። ከፋሲካ ዕረፍት በፊት ቅዳሜ ቀን ይዤው እሄዳለሁ። ቤቱን አውቀዋለሁ፤ ልጅቱም አማርኛ ታነባለች፣ ለእናቷና ለአያቷ ታነብላቸዋለች። አብሮኝ የሚሄድ ስሙን እዚያው ጽሕፈት ቤት ያስመዝግብ፤ ትርፍ ጎማውን አስቀድሞ የሚመረምር ሰውም ያስፈልገናል።

አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ