ኀፍረታችን የሌባ መሣሪያ አይሁን

ጓደኞቼ ተማሪዎች፤

ባለፈው የፈተና ሰሞን በመኝታ ክፍላችን የሚኖር አንድ ወንድማችን ሦስት ቀን ያህል እህል በወጉ ሳይቀምስ ሰነበተ። ታሞ እንደሆነ ብንጠይቀው «ደኅና ነኝ» አለ፤ ከቤተ ሰቡ ክፉ ወሬ መጥቶ እንደሆነ ብንጠይቀው ራሱን ነቀነቀ። በአራተኛው ቀን ላፕቶፑን ሊሸጥ ገዢ ሲያፈላልግ አገኘነውና አጥብቀን ብንይዘው፣ ስልኩን አውጥቶ በኢሜይል የደረሰውን አንድ ደብዳቤ አሳየን። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሲሆን ፍሬ ነገሩ የሚከተለው ነበር። «የይለፍ ቃልህ ይህ ነው። በኮምፒውተርህ ውስጥ ቫይረስ አስገብቻለሁ። ነውረኛ ፊልም ስትመለከት በገዛ ካሜራህ ቀርጬሃለሁ። በሁለት ቀን ውስጥ ይህን ያህል ዶላር በቢትኮይን ካልከፈልህ ቪዲዮውን ለዘመዶችህና ለወዳጆችህ ሁሉ እልከዋለሁ።» የተጻፈው የይለፍ ቃል እውነተኛ ነበር። ወንድማችንን ያንበረከከው ይህ አንድ እውነት ነው።

ይሁን እንጂ የዚያ ላፕቶፕ ካሜራ ከተበላሸ ዓመት አልፎታል። ይህን ባለቤቱም እኛም እናውቃለን። ፍርሃት ግን ሰውን የሚያውቀውን ነገር ያስረሳዋል።

ይህን ታሪክ የምጽፈው በባለቤቱ ፈቃድ ነው። የምጽፈውም ለመሳቂያ ሳይሆን፣ ተመሳሳይ ደብዳቤ ደርሶት አፉን ዘግቶ የተቀመጠ ሌላ ተማሪ በመካከላችን እንደማይጠፋ ስለማምን ነው። እንግዲህ በመጀመሪያ የነገሩን አሠራር እንመርምር፤ ከዚያም እኛ ተማሪዎች ምን ማድረግ እንደሚገባን አሳቤን አቀርባለሁ። ከአገራችን አዋጆች በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ላኪው የይለፍ ቃሉን ከየት አገኘው? ከወንድማችን ኮምፒውተር አይደለም። የታላላቅ የኢንተርኔት ድርጅቶች መዝገብ በየጊዜው ይሰረቃል። ለምሳሌ ያህል በ2012 ከሊንክድኢን የተሰረቀው መዝገብ በ2016 ለሽያጭ ሲወጣ ከ100 ሚሊዮን በላይ የሆኑ ሰዎችን የኢሜይል አድራሻና የይለፍ ቃል የያዘ ነበር። ቃላቱ የተሸሸጉበትም ዘዴ ደካማ ስለ ነበረ አብዛኞቹ በቀላሉ ተፈቱ። እንዲህ ያለው መዝገብ ከሌባ ወደ ሌባ እየተሸጠ ይቆይና በመጨረሻ በነፃ ይበተናል። ከ2018 አጋማሽ ጀምሮ አስፈራሪዎቹ ይህን አሮጌ መዝገብ ለኮምፒውተር እያስነበቡ፣ ለያንዳንዱ ሰው የራሱን የይለፍ ቃል በደብዳቤው ራስ ላይ እያጻፉ መላክ ያዙ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ማለት ይህ ነው። ወንድማችንም ሲያስበው፣ ያ ቃል ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ ለአንድ የጨዋታ ድረ ገጽ ያወጣው ኖሯል።

ሌላም ማታለያ አላቸው። አንዳንዱ ደብዳቤ ከገዛ አድራሻህ የተላከ መስሎ ይመጣና «ይኸው፣ ሣጥንህ በእጄ ነው» ይልሃል። ነገር ግን በ1982 የወጣው የኢሜይል መላላኪያ ደንብ የላኪውን ማንነት የሚያረጋግጥበት ዘዴ አልነበረውም። በፖስታ ጀርባ ላይ የላኪውን ስም የሚጽፈው ላኪው ራሱ እንደሆነ ሁሉ፣ በኢሜይልም የፈለገውን ስም መጻፍ ይችላል። ከዚያ ወዲህ ማጣሪያዎች ተሠርተዋል፤ ሁሉም ግን አይጠቀምባቸውም። በ2024 ደግሞ በአሜሪካ ለሚኖሩ ብዙ ሰዎች የቤታቸው አድራሻና የመንገዳቸው ፎቶግራፍ ጭምር ያለበት ደብዳቤ ደርሷቸዋል። ፎቶግራፉ ማንም ሰው በኢንተርኔት ካርታ ላይ ሊያየው የሚችለው ነው፤ አድራሻውም ከተሰረቀ መዝገብ የተቀዳ ነው። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እንደሚባለው፣ አስፈራሪው የሚከበረው ማንነቱን ስለማናውቅ ብቻ ነው።

ይህ ነገር ንግድ መሆኑንም ልብ እንበል። በ2019 ቼክ ፖይንት የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ድርጅት ፎርፒክስ ስለ ተባለ መረብ ያወጣው መግለጫ፣ ባለቤቶቻቸው ሳያውቁ በቫይረስ የተያዙ ከ450,000 የሚበልጡ ኮምፒውተሮች በመረቡ ውስጥ እንደ ነበሩና አንዱ ኮምፒውተር በሰዓት እስከ 30,000 የሚደርሱ እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎችን ሊልክ ይችል እንደ ነበር ያስረዳል። በአምስት ወር ውስጥ የገባላቸው ገንዘብ ከ110,000 ዶላር ይበልጥ ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ በሰዓት 30,000 ደብዳቤ የሚበትን ማሽን የአንተን ፊት አይቶ ያውቃልን? ስምህን እንኳ ያነበበ ሰው የለም። ከመቶ ሺህ ሰው አሥሩ ቢከፍሉ ትርፍ ነው፤ የቀሩት ዝም ቢሉ የሚጎድለው የለም።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲደርስ አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። ላኪው አለኝ ከሚለው ነገር ቅንጣት አሳይቷልን? የየትኛው ቀን ነው? የትኛው ክፍል ነው? ምን ለብሰህ ነበር? አንዱንም አይናገርም። በእጁ ያለው ሰው ያሳያል፤ የሌለው ይምላል። ከዚህ ሌላ ቀን ቆርጦ ማስቸኮሉ፣ ለማንም እንዳትናገር ማለቱና ገንዘቡን በማይመለስ መንገድ መጠየቁ የዚህ ሥራ ምልክቶች ናቸው። እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ሳይመልሱና አንድ ሳንቲም ሳይከፍሉ፣ ለማስረጃ ፎቶውን አንሥቶ፣ በአጭበርባሪነት አመልክቶ መተው ነው። የተጠቀሰው የይለፍ ቃል ዛሬም የሚሠራበት ከሆነ ግን በዚያው ዕለት በየቦታው መለወጥ ይገባል።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ሌባው ነው። አሁን ስለ እኛ ልናገር።

ይህ ሌባ ቫይረስ የለውም፤ ቪዲዮም የለውም። ያለው መሣሪያ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የእኛ ኀፍረት ነው። ይህንንም መሣሪያ ስለን የምናቀብለው እኛ ራሳችን ነን። ወንድማችን ሦስት ቀን ሙሉ ከስድስት የክፍል ጓደኞቹ ለአንዳችን እንኳ መናገር ያልቻለው ለምንድን ነው? ስለምንስቅበት ነው። ከዚያ በፊት ባለፈው ሴሚስተር፣ የአንዲት እኅታችን ፎቶግራፍ በቴሌግራም ሲዞር ምን እንዳልን ሰምቷል። «ማን ላኪ አላት?» ያልነው እኛ ነን። ፎቶግራፉን «እስቲ አሳየኝ» እየተባባልን ያዞርነውም እኛው ነን። ያን ጊዜ የሳቅነው ሳቅ ዛሬ በመኝታ ክፍላችን ላፕቶፕ ሊያሸጥ ደረሰ።

አንዳንድ ወገኖች «ጨዋ ሰው ምን ያስፈራዋል? የፈራ የሠራውን ያውቃል» ይላሉ። ይህ አነጋገር ለጆሮ የጨዋ ይመስላል፤ ፍሬው ግን ለሌባው ነው። በደብዳቤው የተጻፈው ነገር ሐሰት ሆኖ ሳለ ከተፈራ፣ ሰው የሚፈራው ሥራውን ሳይሆን የሰውን ምላስ ነው ማለት ነው። ደግሞስ አንድ ሰው ብቻውን በክፍሉ ያደረገው ነገር ቢነቀፍ እንኳ፣ ነቀፋው ሌባን ዳኛ ያደርገዋልን?

ሌሎች ደግሞ «ሁሉም ውሸት ነው፤ ንቀህ ተወው» ይላሉ። ይህም ግማሽ እውነት ነው። በፊንላንድ ቫስታሞ ከሚባል የሥነ ልቡና ሕክምና ድርጅት የብዙ ሺህ ሕሙማን ምስጢር ተሰርቆ፣ በ2020 ሕሙማኑ እያንዳንዳቸው 200 ዩሮ በቢትኮይን እንዲከፍሉ፣ ከዘገዩም 500 ዩሮ እንዲሆን በኢሜይል ተጠይቀዋል። ያ ዛቻ ባዶ አልነበረም፤ መዝገቡ በእርግጥ ተሰርቆ ነበር። ሕሙማኑ ግን በብዙ ሺህ ሆነው ለፖሊስ አመለከቱ፤ በ2024 የአገሩ ፍርድ ቤት በአንድ ሰው ላይ የእስራት ፍርድ ፈረደ። በእኛም መካከል ቢሆን እውነተኛ ፎቶግራፍ በክፉ ሰው እጅ የገባበት እኅት ወይም ወንድም ሊኖር ይችላል። ለእርሱ «ናቀው» ማለት አይበቃም። ለእርሱ የሚባለው ሌላ ነው። አትክፈል፤ አንድ ጊዜ የከፈለ ሰው ሁለተኛ እንደሚከፍል ሌባው ያውቃል። መልእክቱን አታጥፋ፤ ማስረጃ ነው። የምታምነውን አንድ ሰው በዚያው ዕለት አማክር። ከዚያም ለፖሊስ አመልክት፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒውተር አማካይነት ሰውን ማስፈራራትን በወንጀል ያስቀጣል። ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው ሰው ደግሞ በ2021 በተቋቋመው ስቶፕ ኤንሲአይአይ በሚባለው አገልግሎት መጠቀም ይችላል። ይህ አገልግሎት ፎቶግራፉን ሳይቀበል፣ በራስህ ስልክ ላይ የፎቶግራፉን አሻራ ብቻ ወስዶ፣ ተባባሪ የሆኑ ድርጅቶች ምስሉ በገጻቸው እንዳይሠራጭ ያግዛል።

አገራችን ዝም አይነቅዝም ትላለች። በብዙ ነገር እውነት ነው፤ በዚህ ነገር ግን ዝምታ ይነቅዛል። ይልቁንም የሚስማማን ሌላው ምሳሌ ነው፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

በሩን አስቀድሞ መዝጋትም የራሳችን ፈንታ ነው። አንድ የይለፍ ቃል ለሁሉ ቦታ ማድረግ አንድ ቁልፍ ለቤትም ለሣጥንም ለሱቅም እንደ ማድረግ ነው፤ አንዱ ሲሰረቅ ሁሉ ይከፈታል። ቢያንስ ለኢሜይላችን ለብቻው የሆነ፣ አራት አምስት ተያያዥነት የሌላቸው ቃላት ያሉበት ረጅም ቃል እናውጣ፤ በኢሜይል በኩል የሌሎቹን ሁሉ ቃል ማስለወጥ ይቻላልና። በኢሜይልም በቴሌግራምም ሁለተኛውን ማረጋገጫ እንክፈት። ቴሌግራም የሚልክልንን የመግቢያ ቁጥር ወዳጅ ነኝ ለሚልም ቢሆን ከቶ አንስጥ፤ የጠየቀን የወዳጃችንን ስልክ የወሰደ ሌባ ሊሆን ይችላል። በቴሌግራም ማስተካከያ ውስጥ የትኞቹ መሣሪያዎች በስማችን እንደ ገቡ የሚያሳይ ዝርዝር አለ፤ የማናውቀውን ከዚያ እናስወጣ፤ ስልክ ቁጥራችንንም ከእንግዳ ሰው እንሰውር። በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ተጠቅመን ስንነሣ ከገባንበት እንውጣ። ስልክ ለጥገና ስንሰጥ ፎቶግራፉን አስቀድመን እናንሣ፤ ስንሸጥም አጥፍተን እንሽጥ። በላፕቶፕ ካሜራ ላይ ቁራጭ ፕላስተር መለጠፍ ከአንድ ደቂቃ አያልፍም። አድራሻችን በተሰረቁ መዝገቦች ውስጥ እንዳለ ለማወቅ ከ2013 ጀምሮ ሀቭ አይ ቢን ፖውንድ የሚባል ድረ ገጽ በነፃ ያሳያል።

በመጨረሻ ለማኅበራችንና ለትምህርት ቤታችን አስተዳደር የማቀርበው አሳብ አለኝ። አንደኛ፣ ማኅበሩ ስለዚህ ማስፈራሪያ አንድ ገጽ ማስታወቂያ በየመኝታ ክፍሉ በር ይለጥፍ። ሁለተኛ፣ ምስጢር የሚጠብቁ አንዲት እኅትና አንድ ወንድም ይመረጡና እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ተማሪ የሚያማክረው ሰው ይኑረው። ሦስተኛ፣ የተማሪ ሙሉ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ስልክና ውጤት በአንድ ወረቀት ተጽፎ በግድግዳና በቴሌግራም ላይ መለጠፉ ይቅር። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ የሰውን መረጃ እንዲህ መበተን ከልማድ ተቈጥሮ ሊታለፍ አይገባውም። አስፈራሪ ሰው ከእኛ ግድግዳ ላይ በነፃ የሚቀዳውን ከሌላ ቦታ ለመስረቅ ለምን ይደክማል?

አራተኛው ግን ማኅበርም አስተዳደርም የማያሻው ነው። የሰው ምስል ሲላክልን አንክፈት፤ ከከፈትንም አናሳልፍ፤ ጓደኛችን ሲጨነቅ ከመሳቃችን በፊት እንጠይቀው።

ወንድማችን ላፕቶፑን አልሸጠም። ደብዳቤው የቈረጠለት ሁለት ቀን አልፎ፣ ሳምንትም ወርም አልፏል፤ ለማንም የተላከ ነገር የለም። ፈተናውንም ተፈትኖ አልፏል። ያጣው ነገር ቢኖር እኛን ፈርቶ ብቻውን ያሳለፋቸው ሦስት ቀናት ናቸው። እነዚያን ሦስት ቀናት የወሰደበት ግን በሩቅ አገር የተቀመጠው ሌባ ብቻ አይመስለኝም።